አንዲት ወንበር፣ ሁለት እመቤቶች

«የሴት ጠላቷ ሴት ናት!» ይህችን አባባል ሰምቶ የማያውቅ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። ማንም አላወጣም? ጥሩ፤ እንግዲያውስ እንቀጥል።

አባባሏ በተለይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥራ ፈትታ አታውቅም። ሁለት ወንድ ባልደረቦች ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ እየደበደቡ ቢጨቃጨቁ ከአዳራሹ የሚወጣው ወሬ «በአሠራር ላይ የአቋም ልዩነት አላቸው» የሚል ነው። ሁለት ሴቶች በዚያው ጉዳይ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቢከራከሩ ግን «ቅናት ነው፤ ሴትና ሴት መቼ ተስማምቶ ያውቃል?» ይባልልናል። ከዚያ «ሴት ሲበዛ ጎመን ጠነዛ» ትከተላለች። (እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ለመሆኑ በአንድ ድስት ላይ ስንት ሴት ብታሰማሩ ነው ጎመኑ የጠነዛው? ድስቱን ሁለት ማድረግ ያልታሰበውስ ለምንድን ነው?)

ነገሩ ጭራሽ የለም አንልም። አለ። ለበታቿ የመጣውን የሥልጠና ደብዳቤ ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ መሳቢያዋ ውስጥ የምታስተኛ አለቃ አለች። አዲስ የገባችውን ልጅ «ማን አስገባሽ?» በሚል ዓይን ከላይ እስከ ታች የምትለካ ነባር ሠራተኛ አለች። ይህን የሚክድ ሰው መሥሪያ ቤት ገብቶ አያውቅም። እኛን የሚከነክነን ሌላ ነው፤ ጠቡ «የሴት ባሕርይ ነው» ተብሎ ፋይሉ ወዲያው የሚዘጋበት ፍጥነት! እስቲ ዛሬ ፋይሉን ከፈት እናድርገውና ወደ ኋላ እንሂድ። በዚያ ዘመን የአገሪቱ ትልቁ መሥሪያ ቤት ቤተ መንግሥት ነበር። ሹመቱ እዚያ፣ ሽረቱ እዚያ፣ ድርጎው እዚያ። ስለዚህ የምንጀምረው ከጎንደር ግቢ ነው።

የመቀሌ ልጆች ሆናችሁ ጎንደር ምን ወሰዳችሁ የሚል አይጠፋም። የወሰደን ጠቡ ነው፤ መጨረሻ ላይ የትግራይን ጦር ጎንደር ድረስ ያስመጣ ጠብ ነውና። ደግሞም «ዘመነ መሳፍንትን ያመጣው የሁለት ሴቶች ሽኩቻ ነው» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው።

(ከመግባታችን በፊት አንድ ፈቃድ እንጠይቅ። እቴጌዎቹን አንቱ ማለት ይገባን ነበር። ነገር ግን ሁለት ሴቶችን በአንድ ዓረፍተ ነገር አንቱ ስንል ማን ማንን ምን እንዳለች ድራሹ ይጠፋል። ስለዚህ ከድፍረት ሳይቆጠርብን አንቺ እያልን እንቀጥላለን።)

እ.ኤ.አ. በ1730 አፄ በካፋ ሲሞት አልጋ ወራሹ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እናቱ የቋራዋ ምንትዋብ የልጇ ሞግዚት ብቻ ሆና አልቀረችም፤ ራሷም ዘውድ ጫነች። የንግሥና ስሟም ብርሃን ሞገሳ ተባለ። ከዚያ በኋላ ለ25 ዓመታት ያህል የመንግሥቱ ቁልፍ እሷ እጅ ነበር። ወንድሟ ወልደ ልዑል ራስ ሆነ፤ የቋራ ዘመዶቿ በየሹመቱ ተሰገሰጉ። ከከተማው ወጣ ብላ ቁስቋምን አሠራች፤ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ አዳራሹንም፣ መኖሪያውንም። ፍርስራሹን ያየ ሰው ይህች ሴት ለጊዜው ቁልፍ የተሰጣት ጠባቂ እንዳልነበረች ይገባዋል።

ለልጇ ሚስት ስትፈልግም በፖለቲካ ዓይን ነበር። የመረጠችው ከወሎ ኦሮሞ ባላባቶች ወገን የሆነችውን ውቢትን ነው። ስትጠመቅ ወለተ ቤርሳቤህ ተባለች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ውቢትን ወደ ግቢ ያስገባቻት ራሷ ምንትዋብ ናት። በዛሬ ቋንቋ «ቃለ መጠይቅ አድርጋ የቀጠረቻት» ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1755 ኢያሱ ሞተ። የውቢት ልጅ ኢዮአስ በልጅነቱ ነገሠ። አሁን ሞግዚቷ ማን ትሁን? የውቢት ክርክር ሲጨመቅ ቀላል ነው፦ ባልሽ ሲሞት የሕፃኑ ንጉሥ እናት ስለሆንሽ ገዛሽ፤ አሁን የሕፃኑ ንጉሥ እናት እኔ ነኝ፤ ተራው የኔ ነው። የምንትዋብም መልስ ቀላል ነው፦ እኔ የተቀባሁ ንግሥት ነኝ፤ ዘውዴ ከልጄ ጋር አልተቀበረም። ሁለቱም ክርክር ውኃ ያነሳል። ዳኛ ቢቀርብ ዳኛው ራሱ ይቸገር ነበር።

ዳኛ ግን አልቀረበም። የቀረበው ዘመድ ነው። ምንትዋብ ቋሮችን ሰበሰበች። ውቢት ወንድሞቿን ብርሌንና ሉቦን ከነፈረሰኞቻቸው አስመጣች። ወጣቱ ንጉሥ ከእናቱ ወገኖች ጋር መዋሉን አበዛ፤ በግቢው ውስጥ ኦሮምኛ ይነገር ጀመር፤ ይህም የጎንደርን መኳንንት አንገበገባቸው። ሁለቱን ወገኖች አቻችሎ የያዘው ራስ ወልደ ልዑል እ.ኤ.አ. በ1767 ሲሞት ሚዛኑ ተሰበረ። ያኔ ነው የትግራዩ ገዥ ሚካኤል ስሑል ከዓድዋ የተጠራው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡልን፤ ማን ምን እንዳደረገ ለማየት ነው። የውቢት ወንድም ብርሌ የምንትዋብ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ባል ከነበረው ከማርያም ባርያ ጋር ሲዋጋ ሞተ። ሉቦ የወንድሙን ደም ለመመለስ ማርያም ባርያን አስገደለ። ባሏ የሞተባት አስቴር ሚካኤል ስሑልን አገባች። ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1769 ንጉሡን ኢዮአስን በሻሽ አሳንቆ ገደለው፤ በእሱም ምትክ እጁ የተቆረጠ ሽማግሌ፣ ዮሐንስ 2ኛን፣ አስቀመጠ። ወር ተቆጥሮ ደግሞ ዮሐንስ በመርዝ ሞተ። ከዚያ የቤጌምድሩ ወንድ በወሰን፣ የአማራው ጎሹና የዳሞቱ ፋሲል ጨዋታ ውስጥ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1771 ሠርባ ኩሳ ላይ ሚካኤል ተሸነፈ። ምንትዋብ የልጅ ልጇን ቁስቋም ልጇ አጠገብ ቀብራ በሐዘን ተቀመጠች፤ እ.ኤ.አ. በ1773 ሞተች። በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እሷንም አስቴርንም በቅርብ ያውቃቸው ነበር። ስለዚያ ዘመን ዓለም የሚያውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው እሱ ከጻፈው ነው።

አሁን እንቁጠር። ያነቀው፣ የመረዘው፣ ደም የመለሰው፣ ጦር ያዘመተው ማን ነው? ወንድ፣ ወንድ፣ ወንድ፣ ወንድ። ለዘመኑ ግን ስም ሲወጣለት ወንዶቹ «መሳፍንት» የሚል ማዕረግ አገኙ፤ ሴቶቹ ደግሞ «ሽኩቻ»ን አገኙ። ሚካኤልና ፋሲል ሲዋጉ «የኃይል ሚዛን» ነው፤ ምንትዋብና ውቢት ሲከራከሩ «የአማትና የምራት ነገር» ነው። አማትና ምራት ባይሆኑ ኖሮ «የጣውንት ነገር» ይባል ነበር፤ ለሴት ጠብ የሚሆን የዝምድና ስም ጠፍቶ አያውቅም።

ይልቅ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ይመስለናል። በጎንደር ግቢ ለወንድ ስንት በር ነበረው? ራስ አለ፣ ቢትወደድ አለ፣ ደጃዝማች አለ፣ ፊታውራሪ አለ፣ ብላቴን ጌታ አለ። ከአንዱ የተሻረ ሌላውን ደጅ ይጠናል፤ ከጎጃም የተነሳ ወደ ዳሞት ይዛወራል። ለሴት ሥልጣን የነበረው በር ግን አንድ ነው፤ የሕፃን ንጉሥ እናት መሆን። በዚያ በር ሁለተኛ ሴት የምትገባው የመጀመሪያዋ ስትወጣ ብቻ ነው። ውቢት ቅን ብትሆን፣ ምንትዋብ ቅድስት ብትሆን በሩ ያው አንድ ነው። ሁለት ሴቶችን አንዲት ወንበር ላይ አስቀምጦ «አይ ሴቶች፣ እንዴት ይገፋፋሉ!» ማለት ምን ማለት ነው?

«ይህ የጥንት ነገር ነው» ለሚል ደግሞ ቅርባችን ያለ ምሳሌ አለን። በትጥቅ ትግሉ ዘመን ከሕወሓት ታጋዮች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ነበሩ ተብሎ በተደጋጋሚ ተጽፏል። ክላሽ ተሸክመዋል፣ ቁስለኛ አክመዋል፣ ገበሬ አደራጅተዋል። ሴቶች በሬ ጠምደው እንዲያርሱም ተሞክሮ ነበር፤ ኋላ ገበሬው አልቀበልም ብሎ ቀረ እንጂ። ወደ ላይ ሲወጣስ? በማዕከላዊ ኮሚቴው ውስጥ ለረጅም ጊዜ የነበሩት ሴት ወይዘሮ አረጋሽ አዳነ ብቻ ነበሩ። ታች ከሦስት አንድ፣ ላይ ከስንት አንድ! ወይዘሮ አረጋሽም በ1993 ዓ.ም. ድርጅቱ ሲሰነጠቅ ከተባረሩት ወገን ሆኑ። የእሳቸውን የፖለቲካ መስመር ለመደገፍም ለመንቀፍም አይደለም ያነሳናቸው፤ የወንበሩን ቁጥር ለማሳየት ነው። ከድሉ በኋላ ከሠራዊቱ የተሰናበቱት ብዙ ታጋይ ሴቶች ደግሞ ወደ ከተማ ሲመለሱ የጠበቃቸው ዲፕሎማ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤትና «አንቺማ ታጋይ ነሽ፣ ቤት አትይዢም» የሚል ጎረቤት ነበር።

ከዚህም ቀረብ እንበል። ከእኛ ሁለታችን በአንድ ዓመት ነው በጋዜጠኝነት የተመረቅነው። ስሙን የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ አውጥቶ ሁለታችንም ተወዳደርን። ለቃለ መጠይቅ የተቀመጡት ሰውዬ ለሁለታችንም፣ በተለያየ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ነገር ነገሩን፦ ለሴት የያዟት ቦታ አንዲት እንደሆነች። ከዚያች ቀን በኋላ ለስድስት ወር ያህል አልተደዋወልንም። በካፌ ብንገናኝ እንኳ ስለ አየር ጠባይ ነበር የምናወራው። ከክፍላችን ወንዶች አራቱ እዚያው ተቀጥረዋል። እነሱ ሲወዳደሩ «ለወንድ የያዝናት» የተባለች ቦታ ስላልነበረች ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት አብረው ምሳ በልተዋል። ስለ እኛ የተወራው ምን እንደነበር መገመት አያቅትም፤ አባባሏን መጀመሪያ ላይ ጠቅሰናታል።

ፈረንጆቹም ይህችው አባባል አለቻቸው፤ ሳይንሳዊ ልብስ አልብሰዋት እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ላይ የወጡ ሴቶች ታች ያሉትን አያሳልፉም የሚለውን ነገር «የንግሥት ንብ» የሚል ስም አወጡለት። ስሙ ጣፋጭ ስለሆነ ዓለምን ዞረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሮዛቤት ሞስ ካንተር የተባለች ምሁር አንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ገብታ ያየችውን በመጽሐፍ ስታወጣ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አንድ ቡድን ውስጥ አብዛኛው አንድ ዓይነት ሰው ሆኖ ጥቂቶች ለምልክት ያህል ሲቀመጡ፣ እነዚያ ጥቂቶች ሁልጊዜ ዓይን ውስጥ ናቸው፤ እርስ በርስም ይነጻጸራሉ። ይህ የሚመጣው ከቁጥሩ ነው፤ ከፆታው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 1,500 ያህል የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎችን የሃያ ዓመት መረጃ አገላብጦ ይህን አገኘ፦ በአንድ ኩባንያ የላይኛ አመራር ውስጥ አንዲት ሴት ካለች ሁለተኛዋ የመግባት ዕድሏ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ተመራማሪዎቹ ነገሩን ድብቅ ኮታ ሊሆን ይችላል አሉት። አንዷን አስገባን፣ ግዴታችንን ተወጣን፣ በሩን ዝጉት!

እሺ፣ አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ምክንያቱም መቀሌ ለዚህ ክርክር የምታዋጣው ሌላ ታሪክ አላት።

እንዳየሱስ የተማረ ሁሉ ኮረብታውን ያውቀዋል። የፈተና ሰሞን ጭንቀቱን ሊያቀል ወደዚያ ያልወጣ ተማሪ ጥቂት ነው። በ1888 ዓ.ም. እዚያ ላይ የጣልያን ምሽግ ነበር። አምባላጌ ላይ የተመታው የጣልያን ጦር ሲሸሽ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚታዘዘው ክፍል መቀሌ ላይ መሽጎ ተቀመጠ። የኢትዮጵያ ጦር ምሽጉን በቀጥታ ገጥሞ ብዙ ሰው አለቀበት። ነገሩን የቀየረው ውኃው ነው። ምሽጉ ውኃ የሚቀዳው ከግንቡ ውጭ ካለ ምንጭ ነበር፤ የእቴጌ ጣይቱ ጦር ያንን ምንጭ ይዞ አላስጠጋም አለ። ጣልያኖቹ ውኃውን በኩባያ እየለኩ ቆዩና ጥር ላይ ተደራድረው ወጡ። ዓድዋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ የማይወራው ጣይቱ መቀሌ ስትሰፍር አብረዋት የሰፈሩት ሴቶች ነገር ነው። የዚያን ጊዜ ዘመቻ ማለት የሚንቀሳቀስ ከተማ ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ፈጪዋ፣ ውኃ ቀጂዋ፣ እንጨት ለቃሚዋ ከሸዋ ተነስተው በእግራቸው ትግራይ ገብተዋል። ምጣድና ወፍጮ ተሸክመው! ዓድዋ ላይም በገንቦ ውኃ ለተዋጊውና ለቁስለኛው ያደረሱት እነዚህ ናቸው። መቀሌ ላይ ውኃ የከለከለች እቴጌ ዓድዋ ላይ ውኃ አከፋፋይ ሆነች። በጣይቱ ሥር የነበረው ይህ ሥራ መዓት ክፍል ያለው መሥሪያ ቤት ነው፤ የጠጅ ቤቷ ኃላፊ የወጥ ቤቷን ቦታ ሳትነካ በራሷ ሙያ ትከበራለች። ወንበሩ ብዙ ነው። በዚያ ሁሉ ሰልፍ ውስጥ ጎመኑ ጠነዛ የሚል ዜና መዋዕል ጸሐፊ አላጋጠመንም።

እዚህ ላይ ሥዕሉን ከመጠን በላይ ማሳመር አንፈልግም። ከፈጪዎቹና ከውኃ ቀጂዎቹ ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ፤ የማይለቁት ሥራ ውስጥ ስለ እድገት አይወዳደሩም። ጣይቱም ቢሆን መልአክ አልነበረችም። ሥልጣኗን ለማስፋት የሰው ትዳር አፍርሳ ሌላ ትዳር ታጋባለች፤ ወንድሟንና የወንድሟን ልጆች ትሾማለች፤ ከእሷ በፊት ምኒልክ ልብ ውስጥም ግቢ ውስጥም የነበረችውን ባፈናን የሚያስታውስ ሰው ከእሷ ዘንድ ሞገስ ያገኝ ነበር ብለን አንገምትም። ሴት ለሴት ሁሌም ታዝናለች የሚለው ተረት የዚያችው አባባል መንትያ ነው፤ ሁለቱም ሴትን ሰው አያደርጓትም።

እንደ አባባሏ ቢሆን ግን የኢትዮጵያ ታሪክ ትልቁ የሴቶች ጠብ በጣይቱና በዘውዲቱ መካከል መሆን ነበረበት። ሁሉ ነገር ተሟልቷል። አንዷ የእንጀራ እናት፣ ሌላዋ የእንጀራ ልጅ። አንዷ ልጅ ያልወለደች እቴጌ፣ ሌላዋ የንጉሠ ነገሥቱ የአብራክ ክፋይ። ከዚህ በላይ ለቅናት ምን ይመቻል?

ዘውዲቱን መቀሌም ታውቃታለች ማለት ይቻላል። ገና በስድስት ዓመቷ ነው ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ የተዳረችው። ምኒልክና ዮሐንስ የሰላም ውላቸውን የፈረሙባት ወረቀት እሷ ነበረች ቢባል ማጋነን አይደለም። አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ሲሞት ወደ አባቷ ተመለሰች። ቀጥሎም ሌላ ትዳር፣ ሌላ ፍቺ። በመጨረሻ በ1892 ዓ.ም. ገደማ ከራስ ጉግሣ ወሌ ጋር ተጋባች። ጉግሣ ማን ነው? የጣይቱ የወንድም ልጅ። ያዘጋጀችውም ጣይቱ ናት። እንግዲህ የእንጀራ እናቲቱ የእንጀራ ልጇን ከራሷ ደም ጋር አሰረቻት።

ምኒልክ በሕመም ሲወድቅ ጣይቱ በስሙ መሾምና መሻር ጀመረች። መኳንንቱ ተሰብስበው በመጋቢት 1902 ዓ.ም. «ከመንግሥት ሥራ ይውጡ፤ ባልዎን ያስታምሙ» አሏት። ክሱ ዘመዶቿን ትሾማለች የሚል ነው። ለመሆኑ ዘመዱን ያልሾመ መኳንንት የትኛው ነበር? ስሙን የሚነግረን ካለ እናመሰግናለን። የሸዋ ሰዎች የፈሩት ዘውዱ ከልጅ ኢያሱ አልፎ ወደ ዘውዲቱና ወደ ጉግሣ እንዳይሄድ ነበር፤ ያ ከሆነ ጣይቱ ከግቢ አትወጣማ። ጉግሣ ታሰረ። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ጣይቱ እንጦጦ ወጥታ ተቀመጠች፤ ዘውዲቱም ከከተማ ራቀች።

ከዚያ መስከረም 1909 መጣ። ልጅ ኢያሱ ወረደ፤ መኳንንቱ ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት አሏት። ደስ ሊለን ሲል ግን የቅጥር ውሉን እንይ። አንደኛ፣ ባሏን ጉግሣን ትፈታለች። እሱ ቤጌምድርን ይገዛል፤ አዲስ አበባ ግን አይቀመጥም። ሁለተኛ፣ የመንግሥቱን ሥራ እንደራሴና አልጋ ወራሽ የሆነው ራስ ተፈሪ ይይዛል። ጣይቱም እንጦጦ እንዳለች ቆየች።

ይህን ውል ደጋግመን ስናየው አንድ ነገር አላስቀምጥ አለን። ሴትና ሴት በተፈጥሮ የማይስማሙ ከሆነ ዘውዲቱን ከጣይቱ ዘመድ ለማፋታት ውል ለምን አስፈለገ? ዘውዲቱ ዙፋን ላይ በወጣች በማግስቱ ጣይቱን በቅናት ታባርራት አልነበር? መኳንንቱ የፈሩት ተቃራኒውን ነው። ጣይቱ ልምድ አላት፤ ዘውዲቱ ዘውድ አላት። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ ከተቀመጡ ልምዱና ዘውዱ ይገናኛሉ፤ ያኔ ለእንደራሴውና ለሸዋ ሹማምንት የሚተርፈው ሥራ ያንሳል። ጠቡ በራሱ ስላልመጣ ርቀቱ በደንብ ተጻፈ። ከምንትዋብና ከውቢት ታሪክ የሚለየው ይህ ነው፤ እዚያ አንዲቱ ወንበር ሴቶቹን አጋጨች፤ እዚህ ደግሞ ሴቶቹ ስላልተጋጩ ወንበሯ አንዲት ብቻ መሆኗን መኳንንቱ ማረጋገጥ ነበረባቸው።

ውሉ ጸና። ጣይቱ የካቲት 1910 እንጦጦ ላይ አረፈች፤ ግቢውን ከላይ ሆና እያየችው። ጉግሣ በ1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ከመሐል መንግሥት ጦር ጋር ሲዋጋ ሞተ፤ ዘውዲቱ ሁለት ቀን ቆይታ ተከተለችው። ከዚያ በፊት ግን ለአባቷ መቃብር የሚሆነውን የበዓታ ለማርያም ሕንፃ አዲስ አበባ ላይ አሠርታ ነበር። ዛሬ እዚያ ምድር ቤት የወረደ ሰው ሦስት የእምነ በረድ መቃብሮች ያገኛል፤ የምኒልክን፣ የጣይቱንና የዘውዲቱን።